የተሸጠ ዕቃ አይመለስምን?

አንባቢ ሆይ፥ በከተማችን ወደሚገኙት ሱቆች ብትገባ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወይም በደረሰኝ ግርጌ ታትሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ቃል ታነባለህ። ቃሉ አጭር ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ ለመደውም ትርጓሜውን የሚመረምር ጥቂት ነው። ዛሬ ይህ ቃል ከሱቅ ግድግዳ ወጥቶ በስልክ ወደሚደረገው ንግድ ገብቷል። ያገለገለ የእጅ ቦርሳ በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ከፎቶግራፉ በታች ይጽፈዋል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በኢንተርኔት ገበያ የሚነግዱ ሰዎችም በየቋንቋቸው ይህንኑ ይጽፋሉ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፥ ገዢው ዕቃውን ሳይዳስሰው የተሸጠ ቦርሳ ነውር ቢገኝበት፥ ይህ ቃል ሻጩን ከዕዳ ነጻ ያወጣዋልን? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሰው ገንዘቡንና እውነቱን በአንድ ሚዛን የሚያኖርበት ስፍራ ስለ ሆነ ቀስ ብለን እንመርምረው።

በቀድሞ ዘመን በቅሎ የሚገዛ ሰው አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያይ ነበር፤ እየነዳ አካሄዷን ይመለከት፥ ጀርባዋንም ዳስሶ የኮርቻ ቁስል እንዳለባት ይመረምር ነበር። ይህን ሁሉ አድርጎ ከገዛ በኋላ በማግስቱ «አልወደድኋትም» ብሎ ቢመጣ፥ ሻጩ «ትናንት ዐይን አልነበረህምን?» ቢለው ፍርድ ነበረው። «የተሸጠ አይመለስም» የሚለው ቃል ጥሩ ምክንያት ያገኘው በእንዲህ ያለ ገበያ ነው። በስልክ የሚገዛ ሰው ግን የሚያየው ሻጩ ሊያሳየው የወደደውን ብቻ ነው። ገንዘቡን አስቀድሞ በቴሌብር ወይም በባንክ ይልካል፤ ዕቃው የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ ንግድ ገዢው በሻጩ ዐይን ያያል፥ በሻጩ እጅ ይዳስሳል፥ በሻጩ አፍንጫ ያሸታል። ሻጩ ዐይኑን ለገዢው አውሶታል ማለት ነው። ዐይኑን ያዋሰ ሰውም ዐይኑ አይታ እርሱ ዝም ስላለው ነገር ተጠያቂ ነው። ይህን በልብህ ያዝ፤ የሚቀረው ነገር ሁሉ ከዚህ ይወጣልና።

ያገለገለ ቦርሳ ከሩቅ የማይታይ ብዙ ነውር ይይዛል። በአሮጌ የሉዊ ቪቶን ቦርሳዎች የውስጥ ኪስ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፥ ገበሩ ከሙቀትና ከእርጥበት የተነሣ ይላጣል ወይም እጅ ያጣብቃል። ቀለም ያልተቀባ የቆዳ እጀታ የውሃ ጠብታ ሲነካው ምልክት ይይዛል፤ በእጅ ወዝና በፀሐይም ይጠቁራል። የተፋቀ ማዕዘን በቀለም ተሸፍኖ አዲስ ሊመስል ይችላል። የሽቶ፥ የሲጋራና የሻጋታ ሽታ ደግሞ በምንም ፎቶግራፍ አይያዝም። ከሁሉም የሚብሰው፥ ቦርሳው አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። የሉዊ ቪቶን ፋብሪካ ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ በቦርሳዎቹ ውስጥ የፊደልና የቁጥር ምልክት ያትም ነበር፤ ኋላም በምልክቱ ፈንታ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክ ቺፕ አገባ። ምልክትን ግን አስመሳይም ያትመዋልና፥ «ቁጥር አለው» ማለት ብቻውን በቂ ምስክር አይሆንም።

«ነውሩን ሁሉ ከነገርሁ ማን ይገዛኛል?» ትል ይሆናል። ነገር ግን ያገለገለ ነገር ማርጀቱ ኀፍረት አይደለም። በሐምሌ ወር 2025 እ.ኤ.አ. ጄን በርኪን የተባለችው ተዋናይት ለብዙ ዓመታት የያዘችው፥ ኤርሜስ በስሟ የሰየመው የመጀመሪያው ቦርሳ በፓሪስ በሶዝቢ ሐራጅ ቀርቦ ከ8 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሸጠ። ቦርሳው የአገልግሎት ምልክት ሞልቶበት ነበር፤ ሁሉም ሰው ያንን ያውቅ ነበር። ዋጋውን የሰጠው የባለቤቲቱ ዝና እንደ ሆነ አልክድም፤ ያንተ ቦርሳ እንዲህ ያለ ታሪክ የለውም። ቢሆንም በግልጥ የታየ እርጅና ገዢን እንደማያስቀይም ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሰውን የሚያስቀይመው ጥቅሉን ሲፈታ በድንገት የሚያገኘው ነው።

ስለ መናገርና ስለ ዝምታ የተነሣው ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይምሰልህ። ሲሴሮ የተባለው ሮማዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነገር ያነሣል። በሮድስ ደሴት ረኀብ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ደረሰ። ሌሎች መርከቦችም እህል ይዘው ከኋላው እንደሚመጡ እርሱ ያውቃል፤ የሮድስ ሰዎች ግን አያውቁም። ይንገራቸውን፥ ወይስ ዝም ብሎ በውድ ዋጋ ይሽጥ? ባቢሎናዊው ዲዮጋንስ፥ ሻጭ ሕግ የሚያዝዘውን ነውር ከተናገረና ካልዋሸ በቀረው ዝም ቢል አልደበቀም ባይ ነው። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢም ሊያውቀው ይገባል ይላል። ሲሴሮ ደግሞ እንጨቱ የበሰበሰ፥ ለጤና የማይስማማ፥ ነውሩንም ከባለቤቱ በቀር ማንም የማያውቀውን ቤት ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። በመጨረሻም የእህሉ ነጋዴም የቤቱ ሻጭም ሊደብቁ አይገባቸውም ነበር ብሎ ይፈርዳል።

ስለ እህሉ ነጋዴ ቅን ሰዎች ሊከራከሩ ይችላሉ፤ የሮድስ ሰዎች እህሉን በእጃቸው ይዘው አይተውታልና። ስለ ቦርሳው ግን ክርክሩ ይቀልላል። የሚያጣብቀውን ኪስ ዘግቶ ውጭውን ብቻ ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው «አልዋሸሁም፤ ኪሱን አልጠየቀኝም» ቢል፥ ገዢው እንዲጠይቅ የሚያደርገውን ምልክት የደበቀው እርሱ ራሱ መሆኑን ረስቷል። ያልታየውን ነገር ማን ይጠይቃል?

በኢንተርኔት ገበያ መጀመሪያ ላይ ለዚህ የሚሆን መልካም ምሳሌ አለ። ፒየር ኦሚድያር የተባለ ሰው በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፥ ኋላ ኢቤይ የተባለውን ገበያ ሲከፍት፥ በመጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ የተሸጠውም በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነው። ኦሚድያር ተገርሞ ለገዢው ጻፈለት፤ የተሰበረ መሆኑን አውቀሃልን ብሎም ጠየቀው። ገዢውም የተሰበሩ መጠቆሚያዎችን የሚሰበስብ ሰው እንደ ሆነ መለሰለት። ተመልከት፤ ሻጩ ገንዘቡ ከመጣለት በኋላ እንኳ ጠየቀ። ስብራቱ ታውቆ ስለ ተሸጠም የመመለስ ክርክር ሊነሣ አልቻለም።

ነውር መደበቅ የሚጎዳው ያንን አንድ ገዢ ብቻ አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ በጻፈው ጽሑፍ ይህን አስረድቷል፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘውም እንዲህ ስላለው ምርምር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ገዢዎች ደኅናውን ከብልሹው መለየት ካልቻሉ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣሉ። ደኅና ዕቃ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል፤ ብልሹውም እየበዛ ይሄዳል። እንግዲያስ ዛሬ አንዲቱን የተበላሸች ቦርሳ በዝምታ የሸጠ ሰው፥ ነገ እውነቱን ተናግሮ የሚሸጠውን ጎረቤቱንም ዘርፎታል።

ሕግስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭና ገዢ ስለ ዕቃው ጉድለት የሚሰጠውን ዋስትና በውላቸው ሊቀንሱት ይፈቅዳል፤ ሆኖም ሻጩ ጉድለቱን በተንኰል ደብቆ እንደ ሆነ ያ ውል ዋጋ አይኖረውም። የኢንተርኔት ገበያዎችም ደንብ አላቸው። በኢቤይ፥ ዕቃው እንደ ተነገረለት ካልሆነ ገዢው ከደረሰው ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ አቤት ሊል ይችላል። በፖሽማርክ የተሰጠው ጊዜ 3 ቀን ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጋዴ በሩቅ የገዛ ሰው ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ውስጥ ውሉን ሊተው ይችላል፤ ነጋዴ ካልሆነ ሰው የገዛ ግን ይህ መብት የለውም። እነዚህ ቀኖች መወሰናቸው መልካም ነው፤ ክርክር መጨረሻ ከሌለው ሻጭ እንቅልፍ አያገኝምና።

ነገር ግን ደንብ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ፈተናው ያለው በዚያ ነው። አንዲት እኅት ቦርሳዋን በ300 ዶላር ሸጠች እንበል። የውስጡ ኪስ እንደሚያጣብቅ ታውቃለች፤ አልጻፈችውም፥ ፎቶግራፉንም አላነሣችም። ገዢዋ መንገድ ሄዳ ነበርና ጥቅሉን የፈታችው በ5ኛው ቀን ነው። የ3 ቀኑ ጊዜ አልፏል፤ ገንዘቡም ለሻጭዋ ተለቋል። ገዢዋ «ኪሱ እጄን ያጣብቃል፤ ምን ላድርግ?» ብላ ጻፈች። ሻጭዋ «ጊዜው አልፏል» ብላ ብትመልስ ማንም ዳኛ አይጠራትም። ደግሞም ገንዘቡ በቤት ኪራይ አልቋል። ምን ታድርግ?

እኔ የምለው ይህ ነው፤ ትመልስ። የቀኑ ወሰን የተሠራው ሳያውቅ የሸጠውን ሰው ከዘገየ ክስ ለመጠበቅ ነው። ይህች ሴት ግን ነገሩን ያወቀችው በ5ኛው ቀን ከደረሳት ደብዳቤ አይደለም፤ ቦርሳውን በጠቀለለች ቀን ታውቀው ነበር። በማታውቀው ነገር ላይ የተሠራውን ጋሻ በምታውቀው ነገር ላይ አንሥታ ልትከላከልበት አይገባትም። ገንዘቡ አልቆ እንደ ሆነ ድህነቷን ሳትደብቅ ትናገር፤ በየወሩ ከፍላ ለመጨረስ፥ ወይም ገዢዋ ከወደደች ቦርሳውን ይዛ ከዋጋው ተገቢውን እንድትቀበል ይስማሙ። ከሁለቱ የትኛው እንዲሆን የመምረጡ ፈንታ ግን የተበደለችው ሴት ነው። ዕዳ በቁርጥራጭ ቢከፈል ዕዳ መከፈሉ ነው፤ «ጊዜው አልፏል» በሚል ቃል ቢሸፈን ግን ሳይከፈል ይቀራል።

ነገሩ ያልታወቀ ከሆነ ፍርዱ ሌላ ነው። ሻጭዋ ተግታ መርምራ ምንም ያላገኘችበት ቦርሳ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢበላሽ ዕዳ የለባትም። ከርኅራኄ የተነሣ ጥቂት ብትመልስ መልካም ነው፤ ስሙ ግን ቸርነት ይባል። ቸርነትንና ዕዳን መለየት ያስፈልጋል፤ ዕዳውን እንደ ቸርነት የሚቆጥር ሰው ሲከፍል ምስጋና ይጠብቃል፤ ቸርነትን እንደ ዕዳ የሚጠይቅ ሰውም ሲቀበል አያመሰግንም።

አሁን ደግሞ ነገሬን ወደ ገዢው እመልሳለሁ። አንተ ገዢ ሆይ፥ የተበደለው ሁሉ አንተ አይደለህም። ቦርሳው እንደ ተነገረለት ሆኖ ሳለ ልብህ ስለ ተለወጠ ብቻ «እንደ ተነገረው አይደለም» ብለህ ብትጽፍ ሐሰት ተናግረሃል፤ በኢቤይ እንዲህ የተባለበት ሻጭ የመመለሻውን ማጓጓዣ ዋጋ ስለሚከፍል፥ ሐሰትህ ከኪሱ ገንዘብ ትወስዳለች። ቦርሳውን ለሠርግ ይዘህ ወጥተህ በማግስቱ የምትመልስ ከሆነ፥ ያለ ፈቃድ ተከራየኸው እንጂ አልገዛኸውም። የራስህን አሮጌ ቦርሳ በተላከልህ ፈንታ ጠቅልለህ ብትመልስ ግን ስሙ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም አትፈልግለት። «ዋጋ ካልቀነስህልኝ ክፉ አስተያየት እጽፍብሃለሁ» ማለትም ዛቻ ነው። በኢቤይ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጭ በገዢው ላይ ክፉ አስተያየት እንዳይጽፍ ተከልክሏል፤ የሚጽፈው ገዢው ብቻ ነው። ባላጋራው መልስ የማይሰጥበት መሣሪያ በእጁ የተሰጠው ሰው አብልጦ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

እንዲህ ባለ ገዢ የተታለለ ሻጭ ምን ያድርግ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። አንድ ጊዜ ተሰርቆ፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ገዢ ሁሉ ሌባ አድርጎ ይቀበላል። አባቶች «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዳሉት ነው። ነገር ግን የትናንቱ ሌባ በደል በዛሬዋ ቅን ገዢ ላይ አይከፈልም። ጥንቃቄ እንጂ ጭካኔ አያስፈልግህም። ቦርሳውን ሳትጠቀልል ከውጭም ከውስጥም፥ ከማዕዘኖቹና ከእጀታው፥ ምልክት ቢኖረውም ከምልክቱ ጋር ፎቶግራፍ አንሣው። ስትጠቅልለውና ተመልሶ ሲመጣ ስትፈታው በስልክህ ቅረጸው። የላክህበትን ደረሰኝ ጠብቅ። ንግግራችሁ ሁሉ በገበያው መጻጻፊያ ውስጥ ይሁን፤ «ወደ ውጭ ወጥተን እንጨርስ» የሚልህን አትከተል፤ ከዚያ ወጥተህ የተስማማኸውን ዳኛው አያየውምና። አቤቱታ ሲደርስህ በቍጣ ቀን አትመልስ፤ ነገር ግን ቀኑ አልፎ ሳትመልስ አትቅር፤ በኢቤይ ለሻጭ የሚሰጠው 3 የሥራ ቀን ነው። የስድብ ቃል ከጻፍህ እውነት ይዘህ ሳለ ጥፋተኛ ትመስላለህ። ምስክርህን አቅርበህ ዝም በል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቷል። ሻጩ እውነተኛ መስሎት ገዝቶ፥ እውነተኛ መስሎት የሸጠው ቦርሳ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ቢገኝስ? እዚህ ማንም አልዋሸም፤ ጉዳቱ ግን በአንዱ ላይ መውደቁ አይቀርም። በመጀመሪያ «ሐሰተኛ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም የሚስማሙበት አዋቂ ይመርምረው፤ ድሮም ሽማግሌ የሚመረጠው ጠብ ከመጽናቱ በፊት ነው። ሐሰተኛ መሆኑ ከተረጋገጠ ሻጩ ገንዘቡን ሁሉ ይመልስ። ገዢው የከፈለው ስለ ስሙ ነው፤ ስሙን አላገኘም። ሻጩም የሸጠለትን ሰው ይጠይቅ፤ ያንን ሰው ካላገኘው ኪሳራው በእርሱ ዘንድ ይቅር።

በዚህ ጊዜ ክፉ አሳብ በጆሮው ይመጣል፤ «አንተም ሳታውቅ ተታልለሃል፤ ለሌላ ሰው ሽጠውና ገንዘብህን መልስ» ይለዋል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አሳብ አትስማው። ትናንት የሸጥኸው ባለማወቅ ነበር፤ ነገ ብትሸጠው ግን አውቀህ ነው። ያታለለህን ሰው ሥራ የራስህ ሥራ ታደርገዋለህ። ሐሰተኛ ቦርሳ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖራል፤ የሚቆመው ኪሳራውን ተቀብሎ «ከእኔ አያልፍም» የሚል አንድ ሰው ሲያገኝ ብቻ ነው። ያ ሰው ገንዘብ አጥቷል፤ ነገር ግን ስሙን የማያውቃቸውን፥ ከእርሱ በኋላ ሊታለሉ የነበሩትን ብዙ ሰዎች አድኗል። ማንም አያመሰግነውም፤ እነርሱም አያውቁትምና።

እንግዲህ ወደ ጀመርንበት ቃል እንመለስ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ከግድግዳህ ወይም ከፎቶግራፍህ በታች ፍቀህ አጥፋው አልልህም። ነገር ግን ከመጻፍህ በፊት ቦርሳውን ክፈት፤ እጅህን በኪሱ ውስጥ አግባ፥ አሽትተው፥ ማዕዘኖቹን በብርሃን ተመልከት። ያየኸውን ሁሉ ጻፍ። ከዚያም በቃሉ ላይ ጥቂት ፊደል ጨምርበት፤ «እንደ ተነገረለት የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በል። እንዲህ ብለህ ለመጻፍ እጅህ ከተንቀጠቀጠ፥ ያልነገርኸው ነገር በቦርሳው ውስጥ አለና ተመልሰህ ፈልገው።